ቁምሳጥናቸውን ያልቆለፉት እህታችን

ሥራችሁንና ቤታችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ዘመዶች፣ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ታላቅ እህታችንን ሁላችሁም በየበኩላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ገንዘባቸውን ከገንዘባችሁ ጋር ቀላቅለው ድርጅት ያቆሙ ባለሀብት፣ አንዳንዶቻችሁ የጥንት ሳህን፣ ብርጭቆና ጥልፍ ሲያሳድዱ የኖሩ ሰብሳቢ፣ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በክፉ ቀን ያበሏችሁ እናት አድርጋችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ግን ከሁላችሁም አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ፊቱን ያጠቡት፣ የጫማውን ክር ያሰሩለትና ሲያጠፋ ጆሮውን የጠመዘዙት እሳቸው ናቸውና። ስለዚህ እዚህም እዚያም ከወጉ ወጣ እያለ ቢያጫውታችሁ ይቅር በሉት፤ እህታችን ሳይጫወቱ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

እህታችን የተወለዱት ከገበያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ያገለግሉ ከነበሩት አባታችንና ለሠርግ፣ ለልደትና ለሐዘን ሳህንና ብርጭቆ በማከራየት ይተዳደሩ ከነበሩት እናታችን ነው። ከሁለቱ ክፍሎች ሰፊው የሳህኖቹ ነበር፤ ቤተሰቡ በጠባቧ ክፍል እግርና ራስ ሆኖ ሲያድር፣ ሳህኖቹ ግን በየመደርደሪያቸው ላይ እንደ ባለሥልጣን ተንደላቀው ያድሩ ነበር። እናታችን አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ ደህናው ለሰው፣ የተሰነጠቀው ለቤት። ከኪራይ የተመለሰ ዕቃ ታጥቦ በደረቀ ቁጥር የበኩር ልጃቸው መሬት ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን በጥፍራቸው ኳ እያደረጉ ያዳምጡ ነበር፤ ጥርት ብሎ የጮኸው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የታፈነው ደግሞ በዚያው ቀን የእኛ ራት ይቀርብበታል። በዚህ የተነሣ እህታችን አድገው በራሳቸው ደመወዝ መተዳደር እስኪጀምሩ ድረስ፣ በቤታቸው ውስጥ ጠርዙ ሙሉ በሆነ ሳህን በልተው አያውቁም ነበር።

ትምህርት ቤት ሲገቡ በሒሳብ የሚደርስባቸው አልተገኘም። አባታችን መምህርት እንዲሆኑላቸው ይመኙ የነበረ ቢሆንም፣ እሳቸው ግን የንግድ ሥራ ትምህርት ተምረው በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ተቀጠሩ። እዚያም ለዓመታት ሲሠሩ የተረዱት ነገር ቢኖር፣ ብድር ጠያቂው ያቀረበው ሰነድ ሁሉ ስለ ግንብና ስለ መሬት እንጂ በግንቡ ውስጥ ስለሚሠራው ሰው አንዳች እንደማይናገር ነበር። እሳቸው ይህን ባነሡ ቁጥር አለቆቻቸው፣ ሰው በዋስትና አይያዝም እያሉ ይስቁባቸው ነበር፤ እሳቸውም እየሳቁ ይሰሙ ነበር፤ ነገር ግን በልባቸው አኖሩት።

ባለቤታቸውን ያገኙት በዚሁ ባንክ ሲሆን፣ ባለቤታቸው መንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ለአጎታቸው ልጅ ዋስ ሊሆኑ መጥተው ራሳቸው ተያዙ ብለን እንቀልድ ነበር። ይህ ጋብቻ ግን በአንዲት ስኒ ሳቢያ ሊቀር ምንም አልቀረውም። እህታችን ከወደፊት አማታቸው ጋር ሊተዋወቁ በሄዱበት ዕለት፣ ወይዘሮዋ ለክብራቸው ካስቀመጡት ስኒ ሁሉ የሚወዱትን መርጠው ሻይ ቀድተው ቢያቀርቡላቸው፣ እህታችን እጃቸው ለምዶ ኖሮ ጠርዙን በጥፍራቸው ኳ አድርገው አዳመጡ፤ ድምፁ አላማራቸውምና ስኒዋን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፍተው ሌላ አነሡ። አማትየዋ እንግዳይቱን ከሸኙ በኋላ፣ ዛሬ ስኒዬን የፈተነች ነገ እኔን ትፈትነኛለች እያሉ ለልጃቸው በሩን ዘጉበት። ወራት አለፉ። በኋላ ወይዘሮዋ ሌላውን ወንድ ልጃቸውን ሊድሩ ሲነሡ ሰው ልከው እህታችንን አስጠሩ፤ ሁሉም እርቅ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ወይዘሮዋ ግን የቤታቸውን ዕቃ በሙሉ ምንጣፍ ላይ ደርድረው፣ እንግዳ ፊት እንዳያዋርደኝ እያንዳንዱን ፈትኚልኝ አሏቸው። ሁለቱ ሴቶች ያን ዕለት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያንኳኩ ዋሉ፤ ሲነሡ አማትና ምራት ሆነው ተነሡ። ከዚያ ጀምሮ ባለቤታቸው ‘ቃጭል’ ብለው ይጠሯቸው ጀመር፤ ስሙም ወደ ጎረቤት ወጣ፤ ፊት ለፊት የደፈረ ግን አልነበረም።

ጋብቻቸው በአንዲት ሴት ልጅ ተባረከ። ልጃቸው ዳዴ ማለት በጀመረችበት ዘመን እህታችን ከባንኩ ለቀው፣ ያጠራቀሟትን ይዘውና ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን አስተባብረው፣ ሊዘጋ የተቃረበ ዳቦ ቤት ገዙ። ዳቦ ቤቱ ቆሞ ሲሄድ ወደ ሳሙና ፋብሪካ፣ ከዚያ ወደ ደብተር ማተሚያ፣ ቀጥሎም ወደ ጠርሙስ ፋብሪካ ተሸጋገሩ፤ በዚህ ከተማ በእሳቸው ሳሙና ያልታጠበ እጅ ማግኘት ያስቸግራል። የአሠራራቸው ሥርዓት ግን እንደ ሌላው ባለሀብት አልነበረም። ገንዘባቸውን ከማስገባታቸው በፊት ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳይሆን ሠራተኛው ምሳ ወደሚበላበት ክፍል፣ ያውም በምሳ ሰዓት ይሄዱና፣ ሠራተኛው በሚጠጣበት ኩባያ ሻይ ይጠይቁ ነበር። ኩባያው ጆሮው የተሰበረ፣ የአለቃው ግን ባለ ወርቅ ቅብ ከሆነ፣ ሻዩን ጨርሰው፣ አመስግነው ይወጣሉ፤ ተመልሰውም አይመጡም። የሳሙና ፋብሪካው ሰዎች ይህን አስቀድመው ሰምተው ኖሮ፣ በዋዜማው ለሠራተኛው ሁሉ አዲስ ኩባያ ገዝተው ጠበቋቸው። እህታችን ጠጥተው ሲጨርሱ ኩባያውን ገልበጥ ቢያደርጉት የዋጋው ወረቀት ከሥሩ እንደተለጠፈ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ ላብ በላብ ሆኑ፤ እሳቸው ግን እስኪበቃቸው ከሣቁ በኋላ ውሉን ፈረሙ። ለምን ሲባሉም፣ የሚያፍር ሰው ይማራል፣ የማያፍረውን ነው የምፈራው ብለው መለሱ። እነዚያ ሰዎችም በእርግጥ ተማሩ፤ ከእነርሱ መካከል ዛሬ እዚህ የቆሙ አሉ።

ሀብቱ ሲመጣ ፍቅራቸውም አብሮ መጣ። የስብስባቸው መጀመሪያ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ግጣም ነው። በአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ሱቅ ውስጥ ወፍ የተቀመጠችበት የሾርባ ሳህን ግጣም አይተው ወደዱት፤ ሳህኑ የለም። ሰው ለድስቱ ግጣም ይፈልጋል፤ እህታችን ግን ግጣሙን ይዘው ድስቱን ፍለጋ ከተማ ለከተማ፣ ጨረታ ለጨረታ ተንከራተቱ። ሳህኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በፍለጋው መንገድ ላይ ግን ብርሃን የሚያሳልፉ ሥሥ የፖርሴሊን ስኒዎች፣ በእጅ የተሳሉ ሳህኖች፣ የተቀረጹ ብርጭቆዎች፣ የብር ማንኪያዎችና የዘመኑ ጥልፍ ሠሪ ዓይኑን የሚያፈዝዝበት የገበታ ልብስ ወደ ቤታቸው ገባ፤ ጠበብት ነን የሚሉትም ከሩቅ እየመጡ ስብስቡን ከታወቁት ስብስቦች አንዱ ነው ይሉ ጀመር። እህታችን ግን የቁምሳጥኖቻቸውን ቁልፍ አያውቁም ነበር። በዚያ ቤት የተጋበዘ ሰው ሁሉ ከመቶ ዓመት በላይ በኖረ ሳህን ይበላ ነበር፤ የሚበላውም እየተንቀጠቀጠ ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ብርጭቆ ከእጃቸው አምልጦ ቢሰበር መቆሚያ መቀመጫ ሲያጡ፣ እህታችን፣ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሮ የሰበረው ደህና ሰው መሆኑ ደስ ይላል ብለው ሌላ ብርጭቆ ሰጧቸው።

በሀብታቸው ትምህርት ቤት የገቡትን፣ የታከሙትንና ሥራ የጀመሩትን እዚህ መዘርዘር ብንጀምር ይመሻል፤ እሳቸውም ባሉበት ሆነው ይቆጣሉ። ስለ አንዱ ግን ሳይነገር አይታለፍም። ባለቤታቸው በኩላሊት ሕመም ታመው ሆስፒታል በተኙበት ወቅት፣ እህታችን ከአልጋቸው ሥር ሳይለዩ ሰነበቱ፤ በዚያም ከሩቅ አገር ሕሙማን ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ማደሪያ አጥተው በኮሪደሩ ሲተኙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ጋዜጣ ላይ ያስቀመጠውን ዳቦ፣ ሲበላ እንዳይታይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሲበላ አዩ። ባለቤታቸው ከዚያ ሆስፒታል አልተመለሱም። እህታችን ብዙ አለቀሱ፤ ዓመት ሳይሞላም ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ቦታ ገዝተው፣ አልጋ፣ ማጠቢያ፣ ወጥ ቤትና ባለ ትልልቅ መስኮት የምግብ አዳራሽ ያለው የአስታማሚዎች ቤት አሠሩ። ሊከፈት ሲል ለአዳራሹ ዕቃ ማን ይግዛ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዕቃ አለኝ አሉ። በማግስቱ የስብስባቸው ሣጥኖች በጭነት መኪና መጡ።

ልጃቸው በዚህ ጊዜ አድጋ፣ ተምራ፣ በሙዚየም ውስጥ የተሰባበሩ የጥንት ዕቃዎችን የምትጠግን ባለሙያ ሆና ነበር። ከጥፍር ያነሰች ስባሪ ወደ ቦታዋ ለመመለስ ሳምንታት የምትፈጅ ሴት ናት። ወሬውን እንደሰማች መጥታ፣ ሣጥኖቹ መካከል ቆማ ለእናቷ የተናገረችውን ይህ አንባቢ በጆሮው ሰምቷል።

“እማዬ፣ ይሄ የአንቺ ብቻ አይደለም። ገና ላልተወለዱት ሰዎችም ነው።”

እህታችንም፣ “ያልተወለዱት ሲወለዱ ይደርሳሉ፤ እነዚህ ግን የራባቸው ዛሬ ነው” አሏት።

ፍርድ ስጥ ብትሉት ይህ አንባቢ እስከ ዛሬ አይሰጥም፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሁለቱም አንዲት ጋት ሳያፈገፍጉ ከዓመት በላይ ተኳረፉ፤ መካከላቸው ቆሞ ሰላምታ የሚያመላልሰው እንደ ፖስተኛ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ዛሬ ይህን እያነበበላችሁ ነው።

አዳራሹ ሥራውን ቀጠለ። መጀመሪያ ላይ ሰዎች እጃቸውን በልብሳቸው ሳይጠርጉ ሳህኑን አይነኩም ነበር፤ አንዳንዱም እንዳይሰብር ፈርቶ በግማሽ ሆድ ይነሣ ነበር፤ ኋላ ግን ለመዱት፤ እየተጨዋወቱ፣ ጨው እየተቀባበሉ መብላት ጀመሩ። እህታችን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ማንነታቸውን ሳይናገሩ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ሳህናቸውን ሳብ ሲያደርጉት ከብርጭቆው ጋር ቢጋጭ፣ ጎናቸው የተቀመጠች አስታማሚ፣ “ቀስ ይበሉ እንጂ እማማ፣ የሰው ዕቃ ነው” ብላ ተቆጣቻቸው። እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው በጥንቃቄ በሉ። ከተሸለሙት የክብር ሽልማት ሁሉ ይልቅ ይህን ቁጣ ለሰው ማውራት ይወዱ ነበር።

ዕቃው ግን መጎዳቱ አልቀረም። አጣቢዎቹ በሽቦ ሲፈትጉት የሳህኖቹ ወርቅ ቅብ ጠርዝ መድመቁን እየተወ ሄደ። ልጃቸው ይህን ስትሰማ ኩርፊያውን መቀጠል አልቻለችም፤ አንድ ጠዋት ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ የተነጠፈበት ሳፋ ይዛ ወጥ ቤቱ ገባች፤ እጅጌዋን ሰብስባ ውሃው ምን ያህል ለብ ማለት እንዳለበት፣ ሳህን ከሳህን እንዳይነካ እንዴት እንደሚያዝ ለአጣቢዎቹ አሳየቻቸው። ከዚያ ጀምሮ በየሳምንቱ እየመጣች ታጥብ ነበር። እናቷ ተሸነፈችልኝ ብለው እንዳይደሰቱ ግን ቁርጡን ነገረቻቸው፤ አንቺ እስካለሽ እጠብልሻለሁ፣ ከአንቺ በኋላ ግን የተረፈውን ሰብስቤ እቆልፍበታለሁ፣ ኋላ አታለለችኝ እንዳትዪ አለቻቸው። እህታችን በዚህ ንግግር አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ልጄ በፊት ለፊቴ የምትናገር ናት እያሉ ኮሩባት። ጠበቃቸው፣ ስብስቡ ከአዳራሹ እንዳይወጣ በኑዛዜው ላይ ይጻፍበት ብለው ሲመክሯቸው እንቢ አሉ፤ ለልጄ የምሰጠውን ገመድ አስሬበት አልሰጥም ብለው፣ ሁሉንም ያለ አንዳች ግዴታ በስሟ አደረጉት።

እንዲህ ማድረጋቸው ግን እንቅልፍ አልሰጣቸውም። በየእሑዱ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ ስለ ጤናውና ስለ ቤቱ ካነጋገሩት በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ትቆልፈው ይሆን?” ብለው ይጠይቁት ነበር። እሱም፣ አላውቅም ይላቸው ነበር። እሷን ግን አንድም ቀን አልጠየቋትም፤ ብጠይቃት ለእኔ ብላ ትዋሽ ይሆናል ብለው ፈሩ። ያን ሁሉ ፋብሪካ ሲገዙና ሲሸጡ ያልፈሩ ሰው ይህን ፈሩ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ልባቸው ደከመ፤ ከልባቸውም አስቀድሞ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለፉት ወራት ከአልጋ መውረድ ሲሳናቸው ልጃቸው ሥራዋን አስፈቅዳ ከነልጆቿ ጠቅልላ ቤታቸው ገባች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድማቸው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ልጃቸው ውሃ ይዛ ገባች፤ የያዘችው ሐኪሙ ያዘዘውን የፕላስቲክ ኩባያ ሳይሆን፣ ከተረፉት ሁለት ሥሥ ስኒዎች አንዷን ነበር። እህታችን ስኒዋን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

“በፕላስቲኩ አድርጊልኝ። እጄን አላምነውም” አሉ።

“ያዢው፣ እማዬ” አለቻቸው።

ያዙት። ስኒዋ ከእጃቸው አምልጣ ወለሉ ላይ ወደቀችና ደቀቀች። ወንድማቸው ዓይኑን ጨፈነ፤ የዚያች ስኒ ስባሪ ለልጅቱ ምን እንደሆነ ያውቃልና። ልጃቸው ግን ስብርባሪውን ለቅማ አላስቀመጠችም፤ መጥረጊያ አምጥታ ጠርጋ፣ አፍሳ ከቆሻሻው ጨመረችው፤ ከዚያም ወጥ ቤት ሄዳ ሁለተኛዋን ስኒ ሞልታ ተመለሰች። በእናቷ መዳፍ ላይ አኖረችላቸውና፣ እጇን ከሥሩ ሳታደርግ፣ “ያዢው” አለች ዳግመኛ። እህታችን ልጃቸውን ትክ ብለው ተመለከቷት። ስኒዋን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ወንድማቸው እንደ ልማዱ ሄደ፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠየቁት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት፣ ሣቁም፤ ያን ጥያቄ ግን አልጠየቁትም። ከዚያ በኋላም አልጠየቁትም። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ማለዳ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በልጃቸው ክንድ ላይ ሆነው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

እህታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አሁን ጆሮውን የሚጠመዝዘው ያጣ አንድ ታናሽ ወንድም፣ እንደ እህትና ወንድም የሆኗቸው ብዙ ባልደረቦች፣ በሳሙናው፣ በዳቦውና በጠርሙሱ የሚተዳደሩ ብዙ ቤተሰቦች ትተው ሄደዋል፤ ስማቸውን የማያውቁ፣ በዚህ ሰዓት ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ ምሳ የሚጠብቁ ሰዎችንም ትተዋል። ልጃቸው ዛሬ ጠዋት፣ ጥቁሯን ከለበሰች በኋላ፣ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት በዚያ አልፋ ምሳው እንዲቀርብ አዝዛለች። ወጥ ቤቶቹም በየትኛው ሳህን ብለው አልጠየቋትም።

የሰውን ልፋት የሚያይ አምላክ የእህታችንን ልፋት ይይላቸው፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በዕረፍት ያኑርልን፤ ለልጃቸው ብርታትን፣ ለልጅ ልጆቻቸው ዕድሜን፣ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን። ስለ እሳቸው ብላችሁ የመጣችሁ ሁሉ በሰላም ወደየቤታችሁ ግቡ። አሜን።